አሸዋው ላይ የለኮስኩት እሳት

ወንድሜን የገደለው ጥይት ነው። ጥይቱን የጠራው እሳት ግን የእኔ ነበር። ይህን ለእናቴ ሳልነግራት ዓመታት ኖርኩ። እሷ እሳቱን የለኮሰው ሟቹ ራሱ እንደሆነ ነው የምታውቀው፤ ቢያንስ እኔ እንዲያ ይመስለኝ ነበር። ሟች አይከራከርም። እኔም ዝም አልኩ።

በቅርቡ ሬዲዮ ላይ አንድ ሰው ስለ ባሕር ዳርቻ ሲያወራ ሰማሁ። በሩቅ አገር ነጭ አሸዋ ላይ ላስቲክ ተከምሯል፣ ዓሣው እየዋጠው ይሞታል፣ ቱሪስቱም አፍንጫውን ይዞ ይሸሻል አለ። ድምፁ ያሳዝናል። እኔን ግን ንዴት ያዘኝ። እኛ ባሕር የለንም፤ አሸዋ ግን ነበረን። ላስቲኩም ሞልቶናል። የጎደለን አፍንጫውን ይዞ የሚሸሸው ቱሪስት ብቻ ነው።

የእኛ አሸዋ ከሰበታ ወረድ ብሎ፣ ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ ነው። ክረምት ሲወጣ ውሃው ይጎድልና በእኛ በኩል ሰፊ አሸዋ ጥሎ ይሄዳል። ልጆች ሳለን እናታችን ልብስ አጥባ ታሰጣበት ነበር። እኔና ወንድሜ ደግሞ ዋኝተን ስንወጣ ሆዳችንን አሸዋው ላይ ለጥፈን እንሞቃለን። በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። ዋና ያስተማረኝ አንስቶ ጥልቁ ላይ ወርውሮኝ ነው። አፍ አፍንጫዬን ውሃ ሞልቶት እየተንፈራገጥኩ ስወጣ "አየህ፣ ቻልክ" አለኝ። ድንጋይ አንስቼ እስከ ቤት አባረርኩት። የእኛ ፍቅር እንዲህ ያለ ነበር።

አባታችን ሲሞት ሦስት ነገር ተወልን፤ የወንዝ ዳሩን መሬት፣ አንዲት ላምና ይህን አሸዋ። ከመሬቱ አብዛኛው ብዙም ሳይቆይ ለፋብሪካ ተከለለ። ካሳው ቆርቆሮ ሆኖ ቤታችን ላይ ወጣ፣ በዚያው አለቀ። ፋብሪካው ምን እንደሚሠራ ሠፈሩ ሁሉ ሲገምት ከረመ። አንዱ ዘይት ነው ይላል፣ ሌላው ብስኩት ነው ይላል። ፌስታል ሆነ። አባቴ ጤፍ ይዘራበት የነበረው መሬት ፌስታል ማብቀል ጀመረ። እኔም ትምህርቱ አልሆን ብሎኝ ቤት ተቀምጬ ስለነበር ሄጄ ተቀጠርኩ። ማሽኑ የቀለጠውን ላስቲክ እንደ ፊኛ እየነፋ ወደ ላይ ያወጣዋል፤ እኔ ጥቅሉን እያወረድኩ እደረድራለሁ። ነጭ ሆኖ ሰማያዊ መስመር ያለበት ፌስታል ነበር። ከመርካቶ እስከ ተጂ፣ ሽንኩርት የገዛ ሁሉ ያንን አንጠልጥሎ ነው ቤቱ የሚገባው። እውነቱን ለመናገር እኮራበት ነበር።

ወንድሜ አሸዋ ያወጣል። በእኛ ሠፈር የአሸዋ ሥራ የራሱ ሕግ አለው። እያንዳንዱ ቤት በድንጋይ የተከለለ ድርሻ አለው፤ ጎርፉ በድርሻህ ላይ የጣለው ሁሉ ያንተ ነው። አሸዋውም ያንተ ነው፣ ላስቲኩም ያንተ ነው። ላስቲኩን ገፍትሮ ወንዝ ውስጥ መመለስ ነውር ነው፤ ሄዶ የሚያርፈው ከታች ባለው ጎረቤት ድርሻ ላይ ነውና። ስለዚህ በእጅ ይለቀማል። አንዲት ብጣሽ ላስቲክ አሸዋው ውስጥ ከታየች ከቡራዩና ከሱሉልታ የሚመጡት የገልባጭ ሾፌሮች ፊታቸውን አዙረው ይሄዳሉ። የተለቀመው በየድርሻው ተከምሮ ይቆይና ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን፣ ኅዳር ሲታጠን፣ ይቃጠላል።

ኅዳር ሲታጠንን የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ድሮ ወረርሽኝ ሰዉን በየቤቱ ሲፈጅ፣ ቆሻሻው ተቃጥሎ ጭሱ በሽታውን አባረረው ይባላል። ከዚያ ወዲህ በኅዳር ሚካኤል ጠዋት ደጁን ጠርጎ ጥራጊውን የማያቃጥል ቤት የለም። አገሩ ሁሉ ይጨሳል። ሁሉም የሚያውቀውን ነገር አንድ ሰው ባያውቀው ምን እንደሚመጣ አስቤው አላውቅም።

በእኔና በወንድሜ መካከል ደም የገባው በላሟ ምክንያት ነው። ማስተር ፕላኑ ያመጣው ረብሻ ከተጀመረ ወራት አልፎ ነበር። አዲስ አበባ ዙሪያዋን ያሉትን ከተሞችና እርሻዎች ልትውጥ ነው ተብሎ፣ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ፣ ከሰበታ እስከ ዱከም ወጣቱ መንገድ ላይ ወጣ። ጎማ ይነዳል፣ ድንጋይ ይወረወራል፣ ጥይት ይመለሳል። ወንድሜ መፈክር የሚወድ ሰው አልነበረም። "የእኔ መሬት እንደሆነ ማስተር ፕላኑ ሳይመጣ ነው የሄደው" ይል ነበር። አንድ ቀን ግን ሸሚዙ በደም ርሶ ገባ። ደሙ የእሱ አልነበረም። አስፋልት ላይ የወደቀ ተማሪ ተሸክሞ ሲሮጥ ተማሪው ጀርባው ላይ ሞቶበታል። እናቴ ሸሚዙን ወንዝ ወርዳ አጠበችው። ወንድሜ ከዚያ በኋላ ሳቅ አጣ።

ላሟ በዚያ ሰሞን ማመንዠክ ተወች። ሆዷ ተነፋ፣ ወተቷ ነጠፈ፣ በሦስተኛው ቀን አሸዋው ላይ ተዘርራ ሞተች። ወንድሜ ምን እንደገደላት ካላየሁ ብሎ ቢላ ይዞ ወረደ። እኔ ከፈረቃ መውጣቴ ነበር፤ ቆሜ አያለሁ። ጨጓራዋን ሲቀደው ሽታው ወደ ኋላ ገፋኝ። እሱ እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ አንድ ነገር ጎትቶ አወጣ። የሰው ጭንቅላት የሚያክል፣ እርስ በርሱ የተጠላለፈ የፌስታል ድቡልቡል ነበር። ሰማያዊው መስመር ገና አልደበዘዘም።

"ይኸው" አለኝ። "የፈረቃህን ሥራ ተረከብ።"

ደረቴ ላይ ወረወረው። ፈርሱ አፌ ውስጥ ሳይቀር ገባ። እኔም ግልፍተኛ ነኝና "እኔ ባልሠራ ኖሮ ምን ትበላ ነበር?" አልኩት።

"አይ፣ ልክ ነህ። ውሻ በበላበት ይጮኻል።"

ተያያዝን። ከፈርሱና ከደሙ ውስጥ ተንከባለልን። እሱ ጥርሴን ነቀነቀው፣ እኔ ጆሮውን ነከስኩት። አሁንም ሳስበው የሚገርመኝ ቢላው እዚያው አጠገባችን መውደቁና ማናችንም አለማንሳታችን ነው። የገላገለችን እናታችን ናት። አንድ ባልዲ የእቃ እጣቢ አምጥታ ደፋችብን። "ላሟን ቀብራችሁ ስትጨርሱ እኔን ትቀብራላችሁ" ብላ ሄደች። ሁለታችንም ጭንቅላታችን ላይ የጎመን ቅጠል ተለጥፎ ተያየን። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንስቅ ነበር።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ፋብሪካው ተቃጠለ። ፈረቃዬ ነበር። መጀመሪያ የሰማሁት ድንጋይ ቆርቆሮውን ሲመታ ነው፤ በረዶ መስሎኝ ወደ ላይ አየሁ። ከዚያ የሰው ጩኸት መጣ። ዘበኞቹ ከሁላችንም በፊት በጓሮው አጥር ዘለሉ። በሩ ተገነጠለ። የገቡት እንግዶች አልነበሩም፤ ግማሾቹን በስማቸው አውቃቸዋለሁ። አንዱ አብሮኝ ተምሯል። አየት አደረገኝና "ውጣ አንተ" ብሎኝ ነዳጁን ደፋ።

መውጣት ነበረብኝ። እኔ ግን አንድ ጥቅል ተሸከምኩ። ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ሥራዬ ጥቅል መሸከም ስለነበረ ይመስለኛል። መጋዘኑ ውስጥ ላስቲኩ መቅለጥ ጀምሮ ከጣሪያ እሳት እየተንጠባጠበ ነበር፤ ጠብታው መሬት ሲነካ ያፏጫል። ጭሱ ዐይኔን አጨለመው። በሩ የት እንዳለ ጠፋኝ። ያኔ አንድ እጅ አንገትጌዬን ጨምድዶ ያዘኝ። ወንድሜ ነበር። እየጎተተ አውጥቶ አጥሩ ሥር ጣለኝ፤ ደጋግሞ በጥፊ መታኝ።

"ፌስታል ልታድን ነው? ለፌስታል ልትሞት?"

ያለቅስ ነበር። ሲያለቅስ ያየሁት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው። ወታደሮች ሲመጡ ተኩሱ ተጀመረ፤ እኔና እሱ ወርደን አሸዋው ላይ በሆዳችን ተኛን፣ ልክ እንደ ልጅነታችን። ጥይት ውሃውን እየመታ ያልፋል። ከአጥሩ በላይ ሰዎች ጥቅሎቹን እየተቀባበሉ ወንዝ ውስጥ ይጥላሉ። "ለወንዙ መልሱለት" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወንዙ ግን አልተቀበለም። ሦስት ጥቅሎች፣ አንዱ ደህና ሁለቱ ግማሽ የተቃጠሉ፣ በእኛ ድርሻ ላይ አምጥቶ አስቀመጣቸው።

ከዚያ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ። ወታደሮች የተቃጠለው ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ሰፈሩ። ግቢው ከእኛ አሸዋ በላይ ነው፤ ከአጥሩ ላይ የቆመ ሰው ስናስል ይሰማናል። የፋብሪካ እቃ የተገኘበት ሰው ይጠየቃል ተባለ። ከሠፈራችን አምስት ልጆች ተለቅመው ተወሰዱ፤ አንዱን ያስወሰደው ቤቱ ደጃፍ የተገኘ ወንበር ነው። እኛ አሸዋ ላይ ደግሞ ሦስት ጥቅል ተኝቷል፣ እኔም የፋብሪካው ሠራተኛ ነበርኩ። እንቅልፍ አጣሁ። የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ለእኔ የመጡ ይመስለኝ ነበር።

ወንድሜ ጥቅሎቹን በላስቲክ ክምሩ ሸፈናቸውና ቆይተን እንቀብራቸዋለን አለ። እኔ "የተቀበረውን ጎርፍ ያወጣዋል፤ ኅዳር ሚካኤል ነገ ነው፣ ከክምሩ ጋር አብረን እናቃጥለው" አልኩ።

"ዺሲ፣ ተወው" አለኝ። "ከሽማግሌው ጋር ተነጋግረናል። ዘንድሮ ወንዝ ዳር ጭስ አይወጣም። ጎማ ነው የሚመስላቸው።"

ሽማግሌው ከእኛ ቀጥሎ ያለውን ድርሻ የያዙ ጎረቤታችን ናቸው። ሠፈሩ ሁሉ ኦቦ ነው የሚላቸው፤ እሳቸው ያሉት ያልፋል።

"ወታደር አገር የለውም እንዴ? ኅዳር ሲታጠንን የማያውቅ ማን አለ?"

"አንተ ደግሞ የምታውቀውን ሁሉ ሰው የሚያውቅ ይመስልሃል።"

ጠዋት እናታችን ነጠላዋን ለብሳ ሚካኤል ሄደች። ወንድሜ ከቤት ጀርባ ወንፊቱን ይጠግናል። እኔ ወደ ከተማው አየሁ። ከየግቢው ቀጭን ጭስ ይወጣል፤ ይኸው፣ ሁሉም እያጠነ ነው አልኩ ለራሴ። ፍርሃቴ ከአእምሮዬ በለጠ። ክብሪቱን ከእናቴ ጓዳ ወሰድኩ። እንጨት ጫፍ ላይ ፌስታል ጠምጥሜ ለኮስኩና ወረድኩ። ችቦው እየቀለጠ እጄ ጀርባ ላይ ተንጠባጠበ፤ እንደ ምስማር ይወጋል፣ ከቆዳው ጋር ይጣበቃል። አልጣልኩትም። ክምሩን በአራት ቦታ ለኮስኩት።

የቅጠልና የጥራጊ ጭስ ግራጫ ነው። የእኛ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ቀጥ ብሎ፣ ወፍሮ፣ ከአጥሩ በላይ ወጣ። ያኔ ነው የገባኝ። ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ቃጠሎው አንገብግቦኝ እጄን ውሃ ውስጥ ነክሬ ቁጭ አልኩ። እሳቱን ለማጥፋት አንድ እርምጃ እንኳ አልተራመድኩም። ይህን መጻፍ ከሁሉም ይከብደኛል።

ወንድሜ አካፋ ይዞ ሲሮጥ መጣ። የሥራ ኮንጎ ጫማውን እንዳደረገ ነው። እኔን አየኝ፣ አልተሳደበም። አሸዋ እየዛቀ እሳቱ ላይ ይወረውር ጀመር። "ሰው ልታስጨርስ ነው" ብቻ አለ፣ እየዛቀ። ሁለቱን ቦታ አጠፋ። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ እግሩ የቀለጠው ላስቲክ ውስጥ ገባ። ቢስብ እምቢ አለው። እግሩን ከጫማው መዝዞ አወጣና አንድ እግሩ ባዶውን መዛቁን ቀጠለ።

"ቁም!" የሚል ድምፅ ከላይ መጣ።

ዞረ። አካፋው ከነአሸዋው ከፍ ብሎ ነበር። ሁለት ጥይት ተተኮሰ።

ሰው ሲመታ ተወርውሮ የሚወድቅ ይመስለኝ ነበር። እሱ ግን ደክሞት እንደሚያርፍ ሰው ቁጭ አለ። አካፋውን በቀስታ አጠገቡ አስቀመጠ። ደረስኩበት። ከሆዱ የሚወጣው ደም አሸዋው ውስጥ ወዲያው ይሰርጋል፤ አሸዋው ይጠጣል፣ እኔ በሁለት እጄ እደፍናለሁ፣ በጣቶቼ መሃል ይወጣል።

"እሳቱን አጥፋው" አለኝ። ሌላ ቃል አልተናገረም።

ሦስት ወታደሮች እየተንሸራተቱ ወረዱ። ሽማግሌው ጎረቤታችን ከቤታቸው በኩል ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አድርገው መጡ። የወታደሮቹ አለቃ ጠብመንጃውን ወደ እሳቸው አዞረ።

"ጎማ ማቃጠል ክልክል ነው አልተባላችሁም?"

"ጎማ የታለ ልጄ? ቆሻሻ ነው። ኅዳር ሚካኤል አይደለም ዛሬ?"

"ቢሆንስ?"

"ኅዳር ሲታጠን ነዋ። አገሩ ሁሉ ያቃጥላል። ዞር በልና ከተማውን እየው።"

ወታደሩ ዞር ብሎ አየ። ከየጣሪያው ሥር የሚወጣውን ቀጭን ጭስ አየ። ቆላ ያደገ ልጅ ነበር፣ ከእኔ አይበልጥም። "እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም" አለ። "ማንም አልነገረንም።" ፊቱ ላይ ክፋት ፈለግሁ፣ አጣሁ። ክፋት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ የምጠላው አገኝ ነበር።

ቃሬዛ ከየት ይምጣ? እሳት ያልነካው አንድ ጥቅል ቀርቶ ነበር። ዘረጋነው፣ አጠፍነው፣ ወንድሜን አስተኛነው። እኔና ሽማግሌው ከፊት፣ ሁለት ጎረቤቶች ከኋላ ይዘን ወጣን። መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፣ መኪና የለም። ኬላው ጋ ቁሙ ተባልን፣ ገልጠው አዩ፣ እለፉ ተባልን። ላስቲኩ መሃል ላይ ደሙ እየተጠራቀመ መጣ፤ ስንራመድ ግራና ቀኝ ይንሸራተታል። አንድ ጠብታ አላፈሰሰም። እኔ የደረደርኩት፣ እኔ የኮራሁበት ላስቲክ ነው። ጤና ጣቢያው በር ሳንደርስ ወንድሜ ከበደ። የሞተ ሰው እንደሚከብድ የተሸከመ ያውቃል።

እናቴን ያገኘናት እዚያው መንገድ ላይ ነው። ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰች ነበር፤ በውሃ ፕላስቲክ ጠበል ይዛለች። አልጮኸችም። ክዳኑን ከፍታ ጠበሉን ፊቱ ላይ አፈሰሰችው፣ እስኪያልቅ። በነጠላዋ ጫፍ አፉን ጠረገችለት። ከዚያ ባዶውን ፕላስቲክ የት እንደምትጥለው እንደጠፋት ሰው ዙሪያዋን አየች፣ መልሳም ያዘችው። እስክንቀብረው ድረስ ከእጇ አላስቀመጠችውም።

"ማን ለኮሰው?" አለችኝ በሦስተኛው ቀን፣ ልቅሶ ቤቱ ውስጥ ሰው ቀለል ሲል።

"እኔ ስደርስ እየነደደ ነበር" አልኳት።

ሠፈሩም እንዲያ ነው ያመነው። እሳቱ መሃል የተገኘው እሱ፣ አካፋ የያዘው እሱ፣ የሞተውም እሱ። ወታደሮቹም እሳት ሲለኩስ ተመታ ብለው ጻፉት። አንዱ ለቀስተኛ እጅጌዬን ይዞ "ወንድምህ ደፋር ነበር፣ ዘንድሮ እንኳ አጠነ" አለኝ። አንገቴን ነቀነቅኩ። የተቃጠለውን እጄን እሳት ሳጠፋ ነው አልኩ። እናቴ ጠዋትና ማታ በለብታ ውሃ አጥባ ማር እየቀባች አከመችው። ስለ ቃጠሎው ግን አንድም ቀን አልጠየቀችኝም።

እሳቱ በራሱ ጊዜ ጠፋ። የቀለጠው ላስቲክና አሸዋው ተዋሕደው አንድ ጥቁር ጠፍጣፋ ድንጋይ ሆኑ፣ የአልጋ ያህል። የወንድሜ ኮንጎ ጫማ እዚያ ውስጥ ቀርቷል። አፍንጫው ወደ ታች ተቀብሮ ተረከዙ ብቻ ይታያል። በመዶሻ ሞከርኩ፣ በድጅኖ ሞከርኩ፤ ጫማው ይሰነጠቃል እንጂ አይወጣም። ተውኩት። አስቸኳይ ጊዜው ተነሳ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ግቢው ውስጥ የሰፈሩት ወታደሮች ሄዱ። ወንድሜ አፈር ሆነ። ጫማው እንዳለ ነው።

ጎርፉ በየክረምቱ ይሸፍነዋል፣ ወይም ገልጦት ይሄዳል። እናቴ መስቀል ካለፈ በኋላ ልብስ ልታጥብ ወደዚያው ትወርዳለች። ስለዚህ እኔ በየዓመቱ ከእሷ ቀድሜ፣ በመስቀል ማግሥት፣ የወንድሜን አካፋ ይዤ እወርድና ተረከዙን በአሸዋ እሸፍነዋለሁ። ዱከም ሥራ ከያዝኩ በኋላም ፈቃድ እየጠየቅሁ እመጣ ነበር። አንዳንድ ዓመት ተሸፍኖ አገኘዋለሁ። ጎርፉ ሸፈነልኝ ብዬ አመሰግን ነበር።

ዘንድሮ ፈቃድ አጥቼ ሦስት ቀን ዘገየሁ። አካፋው ከቤት ጀርባ ከተለመደው ቦታው የለም። ስወርድ እናቴ ጎንበስ ብላ አሸዋ እየዛቀች ነው። ልብሱ አልታጠበም፣ ዘፍዝፋው በሳፋ ተቀምጧል። ጫማው እስከ ግማሽ ተሸፍኗል።

"እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

ቀና አለች። የተያዘች ሰው ፊት ነበራት። "አንተ እንዳታየው ብዬ ነው" አለች። "ሁልጊዜ እኮ ሳትመጣ ነው የምጨርሰው። አንዳንዴ ትቀድመኛለህ።"

"እኔ ደግሞ አንቺ እንዳታዪው ብዬ..."

አሸዋው ላይ ቁጭ አልኩ። "እማዬ፣ እሳቱን እኮ..."

"አውቃለሁ" አለችኝ።

አካፋውን ወደ ግራ እጇ አዛወረች። ከዚያ መጥታ ቀኝ እጄን ያዘችና ገለበጠችው። ነጠብጣብ ጠባሳዎቹ አሁንም አሉ። "እሳት ያጠፋ ሰው የሚቃጠለው ውስጥ እጁን ነው" አለች። "አንተን ያቃጠለህ ጀርባው ላይ ነው፣ ጠብ ጠብ ብሎ። ችቦ የያዘ እጅ ነው እንደዚህ የሚሆነው። ዕድሜዬን ሙሉ እሳት ሳነድ የኖርኩ ሰው ነኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳጥብልህ ነው ያወቅሁት።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ኢልማ ኮ" አለችኝ፣ ልጄ ማለቷ ነው፤ ሲጨንቃት ወይም ስትራራ ነው ወደ ኦሮምኛው የምትሄደው። "የቀረኝ አንድ ልጅ ነው። እሱንም ላጣው ኖሯል?"

አላቀፈችኝም። አካፋውን ሰጠችኝና ወደ ሳፋዋ ሄደች። "የቀረውን አንተ ሸፍን፣ እኔ ወገቤን አሞኛል" አለችኝ ጀርባዋን ሰጥታ። የጫማው ተረከዝ ገና ይታይ ነበር። ተነስቼ አሸዋውን መዛቅ ጀመርኩ።